በእጅ ጋሪ ወደ ጨው ሐይቅ፦ ስለ ስኮትላንዶቹ ሞርሞኖች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከስኮትላንድ ተነሥተው የአሜሪካን ሜዳና ተራራ በእግራቸው ስላቋረጡ የሞርሞን ሃይማኖት ተከታዮች አጭር ጽሑፍ አውጥተን ነበር። ቦታ ስላጠረን ብዙ ነገር ዘለልን፤ እናንተ ደግሞ የዘለልነውን አንድ በአንድ እየነቀሳችሁ ጠየቃችሁን። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለብዙዎች ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠናል። «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዘመኑ የፈረንጆች ነው። ለማገናዘብ ያህል፣ ከዚህ በታች ደጋግመን የምናነሳው 1856 አፄ ቴዎድሮስ መቅደላን በያዙ በዓመቱ ነው።

እነዚህ ሰዎች ያን የመሰለ ልምላሜ ያለው አገር ጥለው ወደ በረሃ የሄዱት ተሰደው ነው ወይስ ቸግሯቸው? ሃይማኖቱስ ስኮትላንድ ምን አገባው?
— መምህር፣ ከወልድያ

መምህር፣ ስደቱ የደረሰው አሜሪካ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ጆሴፍ ስሚዝ በ1830 በኒው ዮርክ ግዛት መሠረተ፤ በ1844 ኢሊኖይ ውስጥ ካርቴጅ በምትባል ከተማ እስር ቤት ሳለ መሣሪያ የያዘ ሕዝብ ገብቶ ገደለው። ተከታዮቹን ብሪገም ያንግ ይዟቸው ወደ ምዕራብ ወጣ፤ በሐምሌ 1847 ዛሬ ዩታ በሚባለው ግዛት የጨው ሐይቅ ሸለቆ ደረሱ።

ወደ ስኮትላንድ ሃይማኖቱን ያመጡት አሌክሳንደር ራይትና ሳሙኤል ሙሊነር የሚባሉ፣ ካናዳ ሄደው የነበሩ ሁለት ስኮትላንዳውያን ናቸው። በታኅሣሥ 1839 ግላስጎው ገቡ፤ በሚቀጥለው ወር ቢሾፕተን በተባለች መንደር አጠገብ በክላይድ ወንዝ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች አጠመቁ። በዚያው በ1840 ኦርሰን ፕራት የተባለ ሐዋርያቸው ኤድንብራ ገባና ከከተማዋ በላይ ካለው ተራራ ወጥቶ ሁለት መቶ ነፍስ እንዲሰጠው ለመነ ይባላል።

የሰሟቸው በአብዛኛው የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎችና የእጅ ሸማኔዎች ነበሩ። የስኮትላንድ ከሰል ቆፋሪ እስከ 1799 ድረስ በሕግ ከነማዕድኑ የሚሸጥ ገባር ነበር። ከዚያም ወዲህ ቢሆን የስምንት ዓመት ልጅ ጉድጓድ መግባቱ ብርቅ አልነበረም። ሸማኔው ደግሞ በእንፋሎት የሚሠራው መሸመኛ መጥቶ ዋጋውን ሰበረበት። ስለዚህ ችግሩም አለበት። ነገር ግን የተቸገረ ሁሉ ዩታ አልሄደም፤ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ የሄደው እጅግ ይበዛል። ሞርሞኖቹን የለያቸው «መሰባሰብ» የሚሉት ትምህርት ነው፦ ያመነ ሰው ሁሉ ወደ አንድ ምድር ሄዶ ከወንድሞቹ ጋር መኖር አለበት ይላል።

ገንዘቡ የተገኘው በ1849 ከተቋቋመው የስደተኞች ተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። ለመንገደኛው መሳፈሪያ ያበድራል፤ እሱ ዩታ ገብቶ በጉልበቱ፣ በእህሉ ወይም በከብቱ ይከፍላል፤ በከፈለው ሌላ ሰው ይመጣል። አሳቡ ከዕቁብ ብዙም አይርቅም። ግን ብዙዎቹ ሳይከፍሉ ቀሩና ገንዘቡ ደከመ። በ1855 አንበጣ የዩታን ሰብል ሲበላ ጭራሹን ባዶ ሆነ። የእጅ ጋሪ የሚለው አሳብ የመጣውም ከዚህ ነው። በሬና ሠረገላ መግዛት ቀርቶ ሰው ራሱ ቢጎትት ከሊቨርፑል ወደብ እስከ ጨው ሐይቅ ያለው ወጪ ለአንድ ሰው ወደ 9 ፓውንድ ይወርዳል ተባለ፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግማሽ።

አናጢ ነኝ። «ጋሪው ተሰባበረ» ብላችሁ አለፋችሁት። ምኑ ነው የተሰበረው? ከምን እንጨት ነው የተሠራው? ደህና አናጢ አልነበራቸውም?
— ከሐይቅ

አናጢ ነበራቸው፤ ያጡት የደረቀ እንጨት ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንንገርዎ። ሁለት ጎማ አለው፤ የጎማው ቁመት ከ1.2 ሜትር በላይ ነው። ከላዩ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ገደማ የሆነ ሣጥን ይቀመጣል። ከሣጥኑ ሁለት እጀታ ወደ ፊት ይወጣና ጫፋቸው በአግድም እንጨት ይያያዛል። አንድ ወይም ሁለት ሰው በእጀታዎቹ መካከል ገብቶ አግድሙን በደረቱ እየገፋ ይሄዳል፤ ሌላው ከኋላ ይገፋል። ባዶውን 27 ኪሎ ያህል ነው፤ ተጭኖ ከመቶ ኪሎ በላይ ይደርሳል። የሁለቱ ጎማ ርቀት ከበሬ ሠረገላ ጋር እኩል ነበር፤ ሠረገላ በቦረቦረው መንገድ አንዱ ጎማ ቦይ ውስጥ፣ ሌላው ከቦይ ውጭ ከሆነ ጋሪው ይጋደላል።

የባቡሩ ሐዲድ የሚያልቀው አዮዋ ሲቲ ላይ ስለነበር ጋሪዎቹ እዚያው ተሠሩ፤ እንጨቱ ኦክና ሂኮሪ ነው፤ ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። ቀድመው ለደረሱት በቂ እንጨት ተገኘ። በኋላ የመጡት ግን ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩ፤ ጋሪያቸው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ገና ከተቆረጠ እርጥብ እንጨት ተሠራ። በነፋስ የሚደርቅ ጠንካራ እንጨት ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይፈልጋል የሚለው የአናጢዎች ልማድ ለጎማ እምብርት ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠይቅ እርስዎ ያውቁታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእርስዎ አዲስ አይደለም። አዮዋ በበጋው እርጥበት ያለው አገር ነው፤ ወደ ምዕራብ በሄዱ ቁጥር አየሩ እየደረቀ ይሄዳል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል፤ የሚሸሸው በወርዱና በውፍረቱ ነው። ስለዚህ ከእምብርቱ ወደ ዙሪያው የሚዘረጉት ዘንጎች ጫፋቸው ቀጠነ፤ ወንዴው ሴቴው ውስጥ መንቀጫቀጭ ጀመረ። የዙሪያው እንጨት ሲከሳ ደግሞ የለበሰው የብረት ቀለበት እንደ ነበረ ይቀራልና ላላ፤ ሄዶ ሄዶ ወለቀ። ብረቱ የወለቀ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ዙሪያው ይከፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ጥገና አይዘውም።

ማታ ማታ ጎማውን ወንዝ ውስጥ ማሳደር ይረዳል፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ግን በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ መልሶ ይላላል። በብረቱና በእንጨቱ መካከል ሽብልቅ መምታትም ለጥቂት ቀን ይይዛል። እውነተኛው መድኃኒት ቀለበቱን ቆርጦ አሳጥሮ፣ በእሳት አግሎ፣ እንደ ጋለ አልብሶ በውሃ ማቀዝቀዝ ነው። ያ ግን ወናፍና የአንጥረኛ መዶሻ ይጠይቃል፤ በሜዳ መንገድ ላይ በቀላሉ አይገኝም።

ሁለተኛው በሽታ ሁለቱን ጎማ በሚያያይዘው ዘንግ ላይ ነው። በብዙዎቹ ጋሪዎች ዘንጉም እንጨት፣ የሚዞርበት እምብርትም እንጨት ነው፤ መካከሉ ብረት አልለበሰም። በፕላት ወንዝ ዳር ያለው አሸዋ እዚያ ገብቶ እንደ ሞረድ በላው። ግራሶ አልነበራቸውም፤ ከስንቃቸው የአሳማ ጮማና ሳሙና እየቀነሱ ቀቡት። ጮማ ደግሞ አሸዋውን ይዞ ያስቀራል። በመጨረሻ ከጫማቸው ቆዳ፣ ከምግብ ሣህናቸው ቆርቆሮ እየቀደዱ ዘንጉ ላይ ጠቀለሉ። ይህኛው ሠራ፤ ቆርቆሮውን ቀድሞ አዮዋ ሲቲ ላይ ማልበስ ይቻል ነበር፤ ያን ማድረግ የነበረባቸው ደግሞ ላኪዎቹ ናቸው።

ስንቁ ምን ነበር? ለአንድ ሰው በቀን ምን ያህል ዱቄት ይደርሰዋል? በምን ይጋግሩ ነበር? እንጨት የሌለበት ሜዳ ነው ብላችኋል።
— እህታችሁ፣ ከኮምቦልቻ

እህታችን፣ ለአዋቂ በቀን አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ዱቄት ነው። ለሕፃናት ይቀነሳል። ከዚህ ሌላ ጥቂት ስኳር፣ ቡና፣ ሩዝና የአሳማ ሥጋ፣ ለየመቶው ሰው ደግሞ ጥቂት የሚታለቡ ላሞች ነበሩ። 450 ግራም ዱቄት 1,600 ካሎሪ ቢሰጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጋሪ የሚጎትት ሰው ከዚያ ከእጥፍ በላይ ያቃጥላል። ስለዚህ ራሽኑ ሳይጓደል እንኳ ሰውየው በየቀኑ ከገዛ ሥጋው እየበላ ነበር የሚሄደው።

ጉዳዩን ለመረዳት አንድ ስሌት ይበቃል። ዊሊ በተባለው መሪያቸው የሚጠራው ጓድ (አብሮ የሚጓዝ ቡድን ማለታችን ነው) ከፍሎረንስ፣ ነብራስካ ሲነሣ የያዘው ዱቄት ለ60 ቀን ያህል የሚበቃ ነበር። ከዚያ እስከ ጨው ሐይቅ 1,650 ኪሎ ሜትር አለ። 60 ቀን ሳያርፉ ቢሄዱ በቀን ከ27 ኪሎ ሜትር በላይ መጎተት ይኖርባቸዋል፤ የታመመ፣ የወለደች፣ የሞተ የሚቀበር ሳይኖር፣ ሰንበትም ሳይከበር። ላራሚ ምሽግ ላይ ዱቄት ይጠብቀናል ብለው ነበር፤ ሲደርሱ አልነበረም። ራሽኑ መጀመሪያ ወደ 340 ግራም፣ ቀጥሎ ከ300 በታች ወረደ።

መጋገሪያው የብረት መጥበሻ ነው፤ ዱቄቱን በውሃ ለውሶ ቂጣ ማድረግ። ማገዶው እርስዎ የሚያውቁት ነው፦ ኩበት። የዱር ጎሽ መንጋ ሜዳው ላይ ጥሎት በፀሐይ የደረቀውን ሴቶችና ልጆች በሽርጣቸው እየለቀሙ ያነዱት ነበር። ሽታ የለውም፤ ጥሩ ፍም ይሆናል። ዝናብ ወይም በረዶ ከነካው ግን ምንም አይያዝም። በረዶ ሲወርድ እንግዲህ ዱቄት ያለውም ሰው ዱቄቱን የሚያበስልበት አጣ። እዚህ ላይ የእኛ አገር መንገደኛ ስንቅ ብልሃቱ ይታያል፤ በሶ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ እሳት አይፈልግም። ስኮትላንዶቹም በአገራቸው የአጃ ዱቄት በውሃ እየበጠበጡ የመብላት ልማድ ነበራቸው፤ መንገድ ላይ የታደላቸው ግን በአብዛኛው ጥሬ የስንዴ ዱቄት ነው።

በሺህ የሚቆጠር ሰው በእግር ሄዶ ሲያበቃ የሞተው የሁለት ጓድ ሰው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ምን ገደላቸው? ረኃቡ፣ ብርዱ፣ በሽታው?
— የጤና ባለሙያ፣ ከደሴ

ሦስቱም ነው። ሦስቱን ባንድ ቀን ያገናኘው ግን የመነሻ ቀናቸው ነው። ስለዚህ ጉዞ ከሚነገረው ሁሉ ሰው ሊይዘው የሚገባ ይህ ይመስለናል፤ ጋሪ መጎተት ብቻውን ያን ያህል ሰው አልገደለም። ከ1856 እስከ 1860 ድረስ አሥር የእጅ ጋሪ ጓዶች ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰው ይዘው ተጉዘዋል። በ1856 ሰኔ ላይ ከአዮዋ ሲቲ የተነሡት ሦስቱ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መባቻ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ አጥተው ገቡ። የዊሊ ጓድ ሐምሌ 15፣ የማርቲን ጓድ ሐምሌ 28 ተነሣ። ልዩነቱ ይኸው ነው።

መዘግየቱ የአንድ ሰው ጥፋት አልነበረም። ሊቨርፑል ላይ መርከብ ዘገየ፤ ቶርንተን የተባለችው መርከብ የዊሊን ሰዎች ይዛ የወጣችው ግንቦት 4 ነው፤ ሆራይዘን የማርቲንን ሰዎች ይዛ ግንቦት 25። አዮዋ ሲቲ ሲደርሱ ጋሪው አልተሠራም። ፍሎረንስ ላይ የላላውን ጋሪ ለማደስ ደግሞ ሌላ ቀናት ሄዱ። እዚያ በነሐሴ አጋማሽ ስብሰባ ተደርጎ የበረዶውን ወራት እዚሁ እንክረም ወይስ እንቀጥል ተባለ። መንገዱን የሚያውቀው ሌቪ ሳቬጅ፣ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ አሁን መነሣት ሞት ነው ሲል ተከራከረ፤ ብዙኃኑ እንሂድ አሉ። እሱም ከሄዳችሁማ አብሬያችሁ እሄዳለሁ ብሎ ተከተለ። በመስከረም መጀመሪያ የጎሽ መንጋ ደንብሮ ሲያልፍ ከበሬዎቻቸው 30 ያህሉ ጠፉ፤ ሠረገላው የተሸከመው ዱቄት ተመልሶ በጋሪዎቹ ላይ ተጫነ።

የማርቲን ጓድ ያደረገው ደግሞ ጤና ባለሙያ ሲሰማው የሚዘገንን ነው። ሰዉ ደክሞ ጋሪ መጎተት ስላቃተው ጥቅምት 17 ቀን ጭነት ይቀነስ ተባለና ለአዋቂ 10 ፓውንድ፣ ለሕፃን 5 ፓውንድ ብቻ ቀርቶ ብርድ ልብሱና ልብሱ ተቃጠለ። በሁለተኛው ቀን፣ ጥቅምት 19፣ የፕላትን ወንዝ በመጨረሻ ጊዜ ተሻገሩ፤ ውሃው እስከ ወገብና ከዚያ በላይ ነበር። ከወንዙ ሳይደርቁ በረዶ ወረደ። የእርጥብ ልብስ፣ የነፋስና የባዶ ሆድ መገናኘት የሰውነትን ሙቀት በሰዓታት ውስጥ እንደሚጥለው እርስዎ ያውቃሉ። ከዚያ በፊትም ተቅማጥ አዳክሟቸው ነበር። ጎልማሳ ወንዶች ከሴቶች ይልቅ መሞታቸው በብዙ መዝገብ ይታያል፤ በጣም የጎተቱት፣ ወንዝ ውስጥ ሰው የተሸከሙት፣ ሌሊት የጠበቁት እነሱ ናቸው፤ በሰውነታቸው ያለው ስብም ያነሰ ነው።

ብሪገም ያንግ ሰዎቹ ገና መንገድ ላይ መሆናቸውን የሰማው ጥቅምት 4 ነው፤ በማግሥቱ በጉባኤ ላይ ሠረገላ፣ በቅሎና ዱቄት ጠየቀ፤ ጥቅምት 7 የመጀመሪያዎቹ አዳኞች ወጡ። ደርሰውላቸውም ሞቱ አልቆመም፤ የዊሊ ሰዎች ጥቅምት 23 ሮኪ ሪጅ የሚባለውን ድንጋያማ ዳገት በበረዶ ወጡ፤ በማግሥቱ አሥራ ሦስት ሰው ባንድ ጉድጓድ ተቀበረ። ከሁለቱ ጓዶች ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ጣታቸውና እግራቸው በብርድ የጠቆረባቸው ብዙ ነበሩ። ያኔ በበረዶ ማሸት እንደ ሕክምና ይታይ ነበር፤ ይህ ሥጋውን ይጎዳል። የዛሬው ሕክምና ከ37 እስከ 39 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ ዳግመኛ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግን ከነጭራሹ አለማሞቅ ይሻላል።

አያቴ ጽሑፉን ሳነብላቸው «ከመካከላቸው እንደኔ ያለች ባልቴት ነበረች?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አላውቅም አልኳቸው።
— የልጅ ልጃቸው፣ ከመቄት

እማማ ይስሙልን፤ ነበሩ። የማክአርተር ጓድ በሚባለው፣ ብዙ ስኮትላንዶች በነበሩበት ሁለተኛው ጓድ ሜሪ ባትጌት የምትባል ስኮትላንዳዊት ነበረች፤ ዕድሜዋ ከስልሳ በላይ ነው። በጉዞው ሁልጊዜ ከእግረኞቹ ፊት ትሄድ ነበር። ነሐሴ 16 ቀን ከሰዉ ግማሽ ማይል ቀድማ ሳለች እባብ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ነደፋት። አብራት የነበረችውን ልጅ ለእርዳታ ላከች፤ ራሷ የካልሲ ማሰሪያዋን ፈትታ እግሯን አሰረች። የጓዱ አለቆች ደርሰው የተነደፈውን በሰንጢ አስፍተው ቀደዱ፤ ደሙን ጨመቁ፤ ዘይት ቀብተው ጸለዩላት። ጓደኛዋ ኢሳቤላ ፓርክ፣ እሷም የስልሳ ዓመት ሴት፣ ምን ሆነች ብላ ስትሮጥ በሠረገላው ፊት ገባች፤ ነጂው ሳያያት በሬዎቹን ነዳና ጎማው በዳሌዋ ላይ አለፈ። አጥንቷ አልተሰበረም። ሁለቱም ተረፉ። (ለቆላ አንባቢዎቻችን ስንል፦ መቅደድም ሆነ አጥብቆ ማሰር ዛሬ አይመከርም። የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።)

ሌላዋ ሜሪ መሬይ መርዶክ ናት፤ በአጭር ቁመቷ «ትንሿ አያት» ይሏታል። ልጇ ጆን መርዶክ ከኤርሻየር የመጣ እረኛ ነበር፤ በ1852 ዩታ ገብቶ ለእናቱ ገንዘብ ላከ። እሷ በ73 ዓመቷ ከማርቲን ጓድ ጋር መጣች። ጥቅምት 2 ቀን፣ ቺምኒ ሮክ የሚባለው የድንጋይ ዓምድ አጠገብ አረፈች። «ፊቴን ወደ ጽዮን አዙሬ እንደ ሞትሁ ለጆን ንገሩት» አለች ብለው ዘሮቿ ሲነግሩ ኖረዋል።

ብዙ ሚስት ያገቡ ነበር የሚባለው እውነት ነው?
— ከባቲ

እውነት ነው። በ1852 በይፋ ተነገረ፤ በመስከረም 1890 መሪያቸው ዊልፎርድ ዉድረፍ እንዲቆም አወጀ። ሁሉም ወንድ አላገባም፤ ግን ብዙዎቹ መሪዎች አግብተዋል። የአሜሪካ መንግሥት በ1880ዎቹ በጥብቅ ከሰሳቸው። ከስኮትላንዶቹ መካከል ጆን ሻርፕ የሚባለው በስምንት ዓመቱ የከሰል ጉድጓድ የገባ፣ በኋላ የቤተ መቅደሳቸውን ድንጋይ ያስፈለጠና የባቡር ሐዲድ ኮንትራት የወሰደ ሰው ነበር። በ1885 ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ መቀጮ ከፍሎ ስላለፈ ከጳጳስነቱ (በእነሱ ዘንድ የአንድ ሰፈር ምእመናን አለቃ ማለት ነው) ተነሣ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ሚስት ያገባን አባል ያባርራል።

ገበሬ ነኝ። ዝናብ ያላጣ አገር ሰው በረሃ ገብቶ እንዴት አረሰ? ውሃውን ማን ይከፋፍለው ነበር?
— ከቆቦ

ለዚህ ጥያቄ የቆቦ ሰው ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። ስኮትላንዱ አርሶ የሚያውቀው ውሃ ከማሳው እንዲወጣ ነው፤ ዩታ ውስጥ ግን ውሃ እንዲገባ ማድረግን መማር ነበረበት። በሐምሌ 1847 የደረሱት የመጀመሪያዎቹ መሬቱ ማረሻ ሰባሪ ሆኖባቸው ሲቲ ክሪክ የሚባለውን ጅረት ጠልፈው መሬቱን አርጥበው አረሱና ድንች ዘሩ። ከዚያ ወዲህ መንደር የተቆረቆረው ጅረት ከተራራ በሚወጣበት አፍ ላይ ነው።

ቦዩን በጋራ ይቆፍራሉ፤ እያንዳንዱ በሚያጠጣው መሬት ልክ የሥራ ቀን ይጣልበታል። ውሃ የማግኘት መብቱም በዚያው ልክ ነው። ተራው በሰዓት ነው፤ ሌሊት የደረሰው ሌሊት ፋኖስ ይዞ ያጠጣል። የሚያከፋፍለው እንደ እናንተው የውሃ አባት ነው፤ በጉባኤ ይሾማል፤ ጥል ሲነሣ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ ጳጳሳቸው ያያል። ፍርድ ቤት የሚደርሰው ጥቂት ነበር።

የተበላሸውም አለ። ቦዩ ቁልቁለቱ ከበዛ ውሃው ታቹን ቆፍሮ ይወርዳል፤ ካነሰ ደለል ይሞላዋል፤ በየጸደዩ መጥረግ ነበረባቸው። ከሁሉ የከፋው ግን ጨው ነው። ዝቅ ባለው ማሳ ላይ ማፋሰሻ ሳይሠሩ አብዝተው ሲያጠጡ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ወጣ፤ ውሃው ሲተን ነጭ ጨው መሬቱ ላይ ቀረ፤ ማሳው ተተወ። ቆቦ ጊራና ሜዳ ላይ በጉድጓድ ውሃ የምታጠጡ ሰዎች ይህን በዓይነ ቁራኛ ተመልከቱት። ቅጠሉ ጠርዙ ሲቃጠል፣ ጠዋት የማሳው ትልም ጫፍ ላይ ነጭ ሲታይ ማጠጣቱን ከመጨመር ማፋሰሻ መክፈት ይቀድማል።

ስኮትላንዱ ሁሉ ገበሬ አልሆነም። ኮልቪል በምትባል ከተማ ከሰል የቆፈሩ ነበሩ፤ በበግ እርባታ የታወቁም ነበሩ። ከሮክስበርግሻየር የመጣው ሪቻርድ ባለንታይን ታኅሣሥ 9 ቀን 1849 በገዛ ቤቱ የሕፃናት የሰንበት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የቤተ ክርስቲያኑ የሰንበት ትምህርት የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሞርሞኖች ረድተውናል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?
— ከቆቦ፣ በዚያ ዘመን ኮረም የነበሩ አባት

አባታችን፣ እውነት ነው። ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ ያሉ አባሎቻቸው በሙሉ እንዲጾሙ ታወጀ። ልማዳቸው በወር አንድ ሰንበት ሁለት ማዕድ ዘልለው የማዕዱን ዋጋ ለድሃ መስጠት ነው፤ የዚያን ቀኑ በተለይ ለኢትዮጵያና ለሌሎች በድርቅ ለተጎዱ አገሮች ሆነ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። እነሱ ራሳቸው በዚያ ጊዜ እዚህ ድርጅት ስላልነበራቸው ገንዘቡን ሥራ ላይ ያዋሉት እንደ ካቶሊክ የእርዳታ አገልግሎትና ቀይ መስቀል ባሉ ድርጅቶች በኩል ነው። ስለዚህ ኮረም መጠለያ ውስጥ የእነሱን ስም የሰማ ሰው ላይኖር ይችላል፤ እህሉ ግን መጥቷል።

የታሪክ ተማሪ ነኝ። ስለ አንድ ስኮትላንዳዊ ሞርሞን አጭር ጥናት ልጽፍ አስቤያለሁ። መረጃውን ደሴ ሆኜ ማግኘት እችላለሁ?
— ወሎ ዩኒቨርሲቲ

ትችላለህ፤ አብዛኛው በኢንተርኔት አለ። አንድ ሰው መርጠህ ከኋላ ወደ ፊት ሂድ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ በነፃ የከፈተው የተጓዦች መዝገብ ላይ ስሙን ፈልግ፤ የትኛው ጓድ፣ የትኛው ዓመት እንደሆነ ይሰጥሃል፤ ብዙ ጊዜ አብረውት የተጓዙ ሰዎች ማስታወሻም እዚያው ተያይዟል። ከዚያ ፋሚሊ ሰርች የሚባለው ገጽ ላይ የመርከቡን ዝርዝር እይ፤ እሱም ነፃ ነው፤ ዕድሜ፣ ሥራና የመጣበት ቦታ ይጻፋል። ወደ ስኮትላንድ ስትሻገር ስኮትላንድስ ፒፕል የሚባለው የመንግሥት መዝገብ አለ፤ መፈለግ በነፃ ነው፤ ምስሉን ለማየት ይከፈላል።

ልብ የምትላቸው ነገሮች አሉ። በስኮትላንድ መንግሥታዊ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ጥር 1 ቀን 1855 ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው የየደብሩ መዝገብ ስለሆነ ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን የሄዱ ሰዎች ልጆች ላይገኙበት ይችላሉ። ስኮትላንዳዊት ሴት ባገባች ጊዜም በመዝገብ ላይ የአባቷ ቤት ስም ይቀጥላል፤ በመርከብ ዝርዝር ግን በባሏ ስም ልትመጣ ትችላለች፤ በሁለቱም ፈልግ። ማክ የሚለው የስም መነሻ በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋል። ልጆቹም በአያቶቻቸው ስም ስለሚጠሩ በአንድ ደብር አምስት ጆን መርዶክ ብታገኝ አትደነቅ፤ የእናታቸውን ስም አይተህ ለይ።

ማስታወሻ ስታነብ የተጻፈበትን ቀን መጀመሪያ ተመልከት። በጉዞው ላይ ማታ ማታ የተጻፈው አጭርና ደረቅ ነው፦ ስንት ማይል ሄድን፣ ማን ሞተ፣ ዱቄቱ ስንት ቀረ። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በኋላ ለልጆች የተጻፈው ደግሞ ሰፊና ልብ የሚነካ ነው፤ ቀኑና ቁጥሩ ግን ብዙ ጊዜ ይዛነፋል። ጥናትህ ላይ ማይሉንና ራሽኑን ከመጀመሪያው ውሰድ፤ ሰዎቹ ስለ ጉዞው ምን እንዳሰቡ ከሁለተኛው ውሰድ፤ የትኛው ከየት እንደ ተወሰደም በየገጹ ጻፍ።